ቦታ ሞላ ተብሎ ጤነኛ ውሻ በመርፌ መግደል ልክ ነው?

ቡቺ_ወዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በአንድ የእንስሳት መጠለያ ውስጥ በበጎ ፈቃድ እሠራለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሰዎቹን ለማሳጣት አይደለም የመጣሁት። ሥራዬ ውሾቹን ማናፈስ፣ ክፍላቸውን ማጽዳት፣ ውሻ ሊወስዱ የሚመጡ ሰዎችን ማስጎብኘት ነው። መጠለያው ማንንም አይመልስም። የታመመ ይምጣ፣ የሚናከስ ይምጣ፣ ባለቤቱ ቤት ስለቀየረ ብቻ ከነገመዱ ያስረከበው ይምጣ፣ ሁሉም ይገባል። የሚገባው ከሚወጣው ስለሚበልጥ ቦታው ይሞላል። ሲሞላ ስም ዝርዝር ይወጣል። ዝርዝሩ ላይ ያለ በመርፌ ይሞታል።

በስቃይ ላይ ያለውን፣ የማይድነውን እቀበላለሁ። እሱ ላይ ክርክር የለኝም። የማይዋጥልኝ ጤነኛው ነው። ኳስ ስወረውርለት ሮጦ የሚያመጣ፣ ማንንም ያልነከሰ፣ ጥፋቱ ፈላጊ ማጣት ብቻ የሆነ ውሻ።

አሁን በጎ ፈቃደኞቹ ለሁለት ተከፍለናል። አንዱ ወገን መጠለያው «ከእንግዲህ አንገድልም» ብሎ በይፋ እንዲያውጅ ፊርማ እያሰባሰበ ነው። ሌላው ወገን ይሄ ለጆሮ ይጥማል እንጂ ውሾቹን የባሰ ይጎዳል ባይ ነው። ሥራ አስኪያጇ ስብሰባ ጠርታለች። ወረቀቱ እኔ ጋ ደርሷል፤ አልፈረምኩም፣ አልፈርምም ብዬም አልመለስኩም።

ልጠይቃችሁ። ቦታ ስለጠፋ ብቻ ጤነኛ እንስሳ መግደል ልክ የሚሆንበት ሁኔታ አለ ወይ? ካለ ማነው የሚወስነው? የለም ካላችሁ ደግሞ የሚተርፉት የት ይሂዱ? ስሜት ብቻ እንዳትጽፉልኝ አደራ፤ ስሜቱ እኔም ጋ ሞልቶ ተርፏል።

ልበ_ቀና፦

ፈርም ወንድሜ። ምን ያስጠብቅሃል?

በማይድን ሕመም የሚሰቃይ ውሻ ሲገደል ለራሱ ሲባል ነው። መሞቱ ከመኖሩ ይሻለዋል ብለን ነው። ጤነኛው ሲገደል ግን ለማን ሲባል ነው? ለክፍሉ። ለሚቀጥለው ውሻ። ለበጀቱ። ለእሱ ለራሱ ቅንጣት ጥቅም የለውም። መርፌው አንድ ስለሆነ ብቻ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ማየት ራስን መሸወድ ነው።

«ውሻ ስለ ነገ አያስብም፣ ሳያውቀው ካለፈ ምን ተጎዳ?» የሚሉም አሉ። ነገን ባይቆጥረውም እኮ ነገ የእሱ ነበር። ፀሐይ ላይ መጋደም፣ መሮጥ፣ የሚያውቀው ሰው ሲመጣ መዝለል፣ ይሄ ሁሉ የሚቀርበት እሱ ነው። ሕፃን ልጅም ለሚቀጥለው ዓመት አያቅድም፤ ስለዚህ ብሎ ግን ሞቱን የሚያቀል ሰው የለም።

ሌላው «አማራጭ የለም» የሚባለው ነው። ዓመተ ምህረቶቹን በፈረንጆቹ ልጻፍላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ በመጠለያ የሚገደሉ ውሾችና ድመቶች በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ይገመቱ ነበር። በ2011 ግምቱ 2.6 ሚሊዮን ደረሰ። በ2019 ደግሞ ወደ 920 ሺህ ወረደ። ሰው ውሻና ድመት ማሳደግ ስለተወ አይደለም። ማምከን ተስፋፋ፣ ከመጠለያ መውሰድ ተለመደ፣ ጊዜያዊ አሳዳጊዎች በዙ። በ1994 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበሩና የከተማው መጠለያ ተፈራርመው፣ ለቤት የሚሆን ውሻና ድመት ሁሉ አሳዳጊ ሊፈለግለት ቃል ገቡ። በ1970ዎቹ «ምን ይደረግ፣ ግድ ነው» እየተባለ የተገደለው ያ ሁሉ እንስሳ እውነት ግድ ሆኖ ነበር?

መርፌው እጅ ላይ እስካለ ድረስ ሌላ መንገድ ለመፈለግ የሚቸኩል የለም። መጠለያው የሚከፈተው ሰው ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ነው። ውሻ ለመውሰድ የሚሞላው ቅጽ ባንክ ብድር ከመጠየቅ ይከብዳል። «ግቢ የለህም» ተብሎ የተመለሰው ስንቱ ነው! መርፌውን አንሡት፣ ያኔ ሁሉም ጭንቅላቱን መጠቀም ይጀምራል።

የማታ_ተረኛ፦

ልበ ቀና፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መርፌው ሲገባ ውሻውን ይዘህ ታውቃለህ?

እኔ እይዛለሁ። ሥራዬ ነው፣ ብዙ ዓመት ሠርቼበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ራሱ ስለ መርፌው፣ ብዙ ሰው በሐሳቡ የሚስለው ሌላ ነገር ስለሆነ። በአግባቡ በሚሠራበት ቦታ መድኃኒቱ ፔንቶባርቢታል ይባላል። የማደንዘዣ ዘር ነው፣ መጠኑ ግን ከፍ ይላል። በደም ሥር ሲገባ እንስሳው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፣ ትንሽ ቆይቶ ልቡ ይቆማል። የሚፈራ ከሆነ ቀድሞ ማረጋጊያ ይሰጠዋል። በጋዝ ሳጥን የሚገድሉ መጠለያዎች ነበሩ፤ ያ ግፍ ነው፣ ብዙ ቦታ በሕግ ተከልክሏል። እንግዲህ በደንብ ከተሠራ ስለ ሕመም የምንከራከርበት ነገር ብዙም የለም። ጥያቄው መሞት ነበረበት ወይ የሚለው ነው።

አሁን ስለ ሞላ መጠለያ ልንገራችሁ። ጩኸቱ አያቋርጥም። ለአንድ በተሠራ ክፍል ሁለት ሦስት ይታጎራሉ፣ ይጣላሉ። አንዱ ሳል ከያዘው ሁሉም ይስላል። ፓርቮ የሚባለው ገዳይ የአንጀት በሽታ ከገባ ያልተከተቡት ቡችሎች ናቸው የሚያልቁት፤ ቫይረሱ ወለል ላይ ለወራት ይቆያል፣ ተራ ሳሙና አይነካውም። ደህና ሆኖ የገባ ውሻ ከጊዜ በኋላ በቆመበት መሽከርከር ይጀምራል፣ እግሩን እስኪደማ ይልሳል፣ ፍርግርጉን ይነክሳል። ከዚያ ውሻ ሊወስድ የመጣ ሰው ያንን ያይና ቶሎ ብሎ ያልፈዋል። በጊዜ ወጥቶ ቢሆን ጥሩ የቤት ውሻ ይሆን ነበር፤ እኛው ዘንድ ተቀምጦ ተበላሸ። አንድ ክፍል ለአንድ ውሻ ዓመት ሙሉ ሲያዝ ደግሞ፣ በዚያ ዓመት እዚያው ክፍል ገብተው በሳምንት በሳምንቱ ቤት ሊያገኙ ይችሉ የነበሩት በር ላይ ቀሩ ማለት ነው። እነሱን ማንም አላያቸውም፣ ስምም አልወጣላቸው። ፊርማ የሚሰበሰበው ስም ለወጣለት ነው።

«አንገድልም» የሚለውንም እንነጋገርበት። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው መለኪያ ከገቡት 90 በመቶው በሕይወት መውጣታቸው ነው። ዜሮ ማለት አይደለም። ቀሪው 10 በመቶ በጠና ለታመመውና ለአደገኛው የተተወ ነው። መለኪያው ክፉ አይደለም፣ ግን ቁጥሩን ማሳመር ቀላል ነው። የሚያስቸግረውን በር ላይ ትመልሳለህ፣ ያረጀውን አልቀበልም ትላለህ፣ ወረፋ ያዝ ብለህ ትሸኛለህ፣ ከዚያ 95 በመቶ አዳንኩ ብለህ ትለጥፋለህ። የተመለሱት ተነው አልጠፉም። ማንንም የማይመልሰው ጋ ይመጣሉ። መርፌውን እኛ እንይዛለን፣ ጨካኝ የምንባለውም እኛ ነን።

ታይዋን ውስጥ በ2016 በመንግሥት መጠለያ የምትሠራ የእንስሳት ሐኪም ይሄን ሥራ በመሥራቷ በኢንተርኔት ስትሰደብ ከርማ ሕይወቷን አጠፋች። እንስሳት ወዳ ነው ሙያው ውስጥ የገባችው። በ2017 የመንግሥት መጠለያዎች ቦታ ለማስለቀቅ እንዳይገድሉ የሚከለክለው ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ደግሞ መጠለያዎቹ ተጨናነቁ። ልብ በሉ፣ ሕጉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ስትከራከሩ ግን መርፌ የያዘውን ሰው አትስደቡ። ውሻውን በሩ ላይ ጥሎ የሄደው እሱ አይደለም።

እውነቱን_ልንገራችሁ፦

ይቅርታ ግን ሰው እየተቸገረ ስለ ውሻ ይሄን ሁሉ መጻፍ ቅንጦት አይመስላችሁም? የእብድ ውሻ በሽታ በዓመት ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፣ ከነዚህ ውስጥ 40 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ናቸው። ባለቤት የሌለው ሁሉ ይወገድ። አለቀ።

ሐኪም_መንገደኛ፦

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። መጀመሪያ «ይወገድ» ላለው ወንድማችን። ቁጥርህ ልክ ነው። በሽታው ሰው ላይ ሲደርስ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ እንደሚመጣም ልጨምርልህ። ድምዳሜህ ግን ለዚያው ለምታዝንለት ሕፃን አይበጅም። ውሾችን በጅምላ መግደል በሽታውን አያቆመውም። በተገደሉት ቦታ ሌሎች ከሌላ አካባቢ ይመጣሉ፣ አዲስ ይወለዳሉ፣ እነሱም ያልተከተቡ ናቸው። ሰውም ውሻው እንዳይገደልበት ወደ ሌላ ሰፈር ይዞት ይሸሻል፣ በሽታውም አብሮ ይሄዳል። በ2008 የኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት ላይ በሽታው ሲገባ ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ የሄዱት ወደ መግደል ነበር፤ በሽታው ግን ደሴቲቱን አዳረሰ። ቁጥሩ መውረድ የጀመረው ሰፊ ክትባት ሲሰጥ ነው። ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ መተላለፉ ይቆማል። የተከተበ ውሻ ስትገድል በልጅህና በበሽታው መካከል የቆመውን ነው የምትገድለው።

ስለ ቅንጦቱ የምለው የለኝም። ለሰው የሚያስብና ለእንስሳ የሚያስብ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ሆኖ ነው ያገኘሁት።

አሁን ወደ ጠያቂው። ጣሊያን በ1991 በወጣው ሕግ ቁጥር 281 የተያዙ ውሾች በጠና ካልታመሙ፣ የማይድኑ ካልሆኑ ወይም አደገኛነታቸው ካልተረጋገጠ እንዳይገደሉ ከልክላለች። በጊዜው በጣም የቀደመ ሕግ ነበር። መንፈሱን እወደዋለሁ። ነገር ግን በተለይ በደቡቡ በኩል ማምከኑና አሳዳጊ ፍለጋው እንደ ሕጉ አልሮጠም። ውሾች ቡችላ ሆነው ገብተው እዚያው አርጅተው የሚሞቱባቸው ትልልቅ መጠለያዎች ተፈጠሩ። የግል የሆኑት ደግሞ በአንድ ውሻ በቀን ስለሚከፈላቸው፣ ውሻው ቤት ቢያገኝ ገቢ ይቀርባቸዋል። አስቡት፣ ውሻን ለማዳን የወጣ ሕግ ውሻ ባለመውጣቱ የሚያተርፍ ነጋዴ ፈጠረ።

በእንስሳት ደኅንነት ትምህርት አምስቱ ነጻነቶች የሚባሉ አሉ። በ1979 እንግሊዝ ውስጥ ለእርባታ እንስሳት ነው የወጡት፣ አሁን ለሁሉም ያገለግላሉ። ከረሃብና ከጥም፣ ከማይመች ቦታ፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነጻ መሆን፣ በተፈጥሮ ጠባይ መኖር። በሕይወት መቆየት ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ ታያላችሁ። ይሄ ሁሌም ይከነክነኛል። አንድ ሰው እነዚህን ጠብቆ ጤነኛ ውሻ ቢገድል በዚህ ሚዛን አይጠየቅም። ሌላው ደግሞ አንድም ሳይገድል አምስቱንም ሊጥስ ይችላል። ስለዚህ ልበ ቀና የያዘው እውነት አለ፣ የማታ ተረኛም የያዘው አለ። ከሁለቱ የቱ ይብሳል ብላችሁ ካስገደዳችሁኝ፣ ዕድሜ ልኩን ጨለማ ክፍል ውስጥ ከሚሽከረከረው ውሻ ይልቅ የሞተው ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። ጥሩ ክፍል፣ ሰውና መናፈሻ ያለው ግን ቤት ባያገኝም ይኑር እላለሁ። ቤት ማግኘት ብቻ አይደለም ለመኖር የሚያበቃው።

ማን ይወስናል ላልከው፤ አንድ ሰው ብቻውን አይወስን። መስፈርቱ ቀድሞ ይጻፍ፣ ዝርዝሩን ሐኪሙም ተንከባካቢውም አብረው ይዩት። በቆይታ ርዝመት ብቻ አይሁን። በዘሩ ወይም በመልኩ ደግሞ በፍጹም። በፈተናም ተጠንቀቁ። ውሻው ሲበላ በፕላስቲክ እጅ ሳህኑን እየነኩ «ጠበኛ ነው» የሚሉበት ፈተና አለ። መጠለያ ውስጥ ሳህኑን የሚጠብቅ ውሻ ቤት ሲገባ ሙሉ በሙሉ ሊተወው ይችላል። የማያውቀው ቦታ፣ የማያውቀው ሰው፣ ጩኸት፤ እኔም ብሆን እናከሳለሁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እይዛለሁ። ለቦታ ሲባል ጤነኛ እንስሳ መግደል በደል ነው። ከሌሎች በደሎች ያነሰ የሚሆንበት ቀን ሊኖር ይችላል፣ ያም ሆኖ በደልነቱ አይቀርም። ብዙ ቦታ ይሄ ይደበቃል። ቦታ ጠፍቶ የሞተውን ውሻ መዝገቡ ላይ «የባሕርይ ችግር» ብለው ይጽፉታል። ትንሽ አጉረምርሞ ይሆናል፣ ማን አላጉረመረመም! እንዲህ ሲጻፍ መጠለያው ጥፋቱን ወደ ውሻው ያዞራል፣ ከተማውም ስንት ክፍል እንደጎደለ ሳያውቅ ይቀራል። በቦታ እጦት የሞተው «በቦታ እጦት» ተብሎ ይመዝገብ፣ ቁጥሩም በየወሩ ለሕዝብ ይውጣ። ከፊርማው በፊት ይሄን ጠይቅ።

ሰባት_ድመት፦

ሁላችሁም ውሻ ውሻ ትላላችሁ። ልበ ቀና በጠቀሰው የ2019 ግምት እንኳ ከ920 ሺህ ውስጥ 530 ሺህ ያህሉ ድመቶች ናቸው። ድመት ሆነው ነው መሰል ማንም ያላለቀሰላቸው።

የድመት ነገር ከውሻ ይለያል። ከሰው ጋር ያላደገች የጎዳና ድመት መጠለያ ውስጥ ምንም ዕድል የላትም። አትነካም፣ አትቀርብም፣ ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ «ለአሳዳጊ አትሆንም» ተብላ ዝርዝር ላይ ትገባለች። ድሮም መግባት አልነበረባትም። ይዞ፣ አምክኖ፣ ከትቦ፣ በማደንዘዣ ላይ እያለች የግራ ጆሮዋን ጫፍ ለምልክት ቆርጦ ወደ ነበረችበት መመለስ ነው። ወፍ ወዳዶች ይሄን ሲሰሙ ይጮሃሉ፣ እውነት አላቸው፣ ድመት ወፍ ትጨርሳለች። እንደ ደሴት ያለ፣ ብርቅዬ ወፍ ያለበት ቦታ ላይ እኔም አፌን እዘጋለሁ። ሌላ ቦታ ግን መግደሉም ቁጥሩን ሲቀንስ አላየሁም፤ አንዷ ስትሄድ ሌላዋ ትመጣለች።

ደግሞ ድመት አራት አምስት ወር ሲሞላት ማርገዝ ትችላለች፣ እርግዝናው ሁለት ወር ብቻ ነው። «ትንሽ ትደግ፣ ከዚያ አስመክናታለሁ» የሚለው ሰው ነው መጠለያውን የሚሞላው። የወላድ ወቅት ሲደርስ ዓይናቸው ያልተገለጠ ግልገሎች በካርቶን ይመጣሉ። በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ጡጦ ይፈልጋሉ፣ ማታ ማታ መጠለያው ውስጥ ሰው የለም፣ ስለዚህ በማግስቱ መርፌ። ቤቱ ወስዶ ለጥቂት ሳምንት ጡጦ የሚያጠባ ሰው ከተገኘ ግን ይተርፋሉ፤ ካደጉ በኋላ ደግሞ ፈላጊያቸው ብዙ ነው። ቡቺ ወዳጅ፣ ፊርማ ከሚያሰባስቡት ውስጥ ስንቶቹ ቤታቸው ለመውሰድ ፈቃደኛ ናቸው? እስቲ እሱንም ወረቀቱ ላይ አምድ አውጡለት።

ቡቺ_ወዳጅ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ዶክተር፣ የመዝገቡን ነገር የጻፉት በጣም ነክቶኛል፤ እኛም ጋ «የባሕርይ ችግር» የሚል ብዙ ነው፣ ስለማንኛውም ሳልጠይቅ ነበር የማልፈው። ሰባት ድመት፣ ያልሽውን አምድ አወጣለሁ፣ ግማሹ ወረቀቱን ይዞ እንደሚጠፋ ከአሁኑ ይታየኛል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ሁላችሁም በዞረ አነጋገር «የሚገባውን ቀንሱ» እያላችሁ ነው። በር ላይ ከመለስን ግን ሰውየው ውሻውን መንገድ ላይ አይጥለውም? ወይ ዛፍ ላይ አስሮት አይሄድም? ቢያንስ እኛ ጋ ሲመጣ ሞቱም ያለ ስቃይ ነው። ማንንም አለመመለሳችን ብቻ ነው የምንኮራበት ነገር።

እውነቱን_ልንገራችሁ፦

የክትባቱን ነገር አልሰማሁም ነበር፣ እሺ። ግን አሁንም ለውሻ ያን ያህል በጀት መመደቡ አልገባኝም።

ልበ_ቀና፦

ማስረከብ ቀላል ሲሆን ሰው ያስረክባል። ያረጀ ውሻውን አምጥቶ ጥሎ በዚያው «ቡችላ አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ እንዳለ ቡቺ ወዳጅ ራስህ ታውቃለህ። ማንንም አለመመለስ ጥሩ ልብ ነው፤ ግን ለዚያ ሰው ኅሊናውን በነጻ እያጠብንለት ነው።

የማታ ተረኛ የጻፈውን ሁለቴ አነበብኩት። በር ላይ ያልታዩት ውሾች የሚለው ከባድ ነው፣ መልስ የለኝም። ቢሆንም አቋሜ አልተለወጠም። «ያነሰ በደል» የሚባለው ነገር ዛሬ እንደ ልዩ ሁኔታ ይገባና ከርሞ የሥራ መመሪያ ይሆናል። የመርፌው ቀን በሳምንቱ መርሐ ግብር ላይ የተጻፈበት መጠለያ ስታይ፣ በዚያ ሳምንት ቦታ ሞላ አልሞላ ማንም እንደማይጠይቅ ታውቃለህ። ዶክተር፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እርስዎም «የሚሆንበት ቀን ሊኖር ይችላል» ሲሉ በሩን ገርበብ አድርገው ነው የተዉት።

ሐኪም_መንገደኛ፦

አዎ፣ ገርበብ አድርጌዋለሁ። ሙሉ በሙሉ ዘግቼው ውጭ የቀረው ውሻ ሲበሰብስ እንዳላየ ካለፍኩ ደግሞ ምን ዋጋ አለው? ነገር ግን የመርፌ ቀን በመርሐ ግብር ይያዝ የሚል ካለ ከአንተ ጋር ነኝ። ቀኑ ከታወቀ ዝርዝሩ ቀኑን ለመሙላት ይወጣል።

የማታ_ተረኛ፦

ቡቺ ወዳጅ፣ የበሩን ነገር እኔ ልመልስልህ፣ በየቀኑ የማየው ስለሆነ።

ፍርሃትህ እውነት ነው። ጃፓን በ2012 ሕጓን አሻሽላ የአካባቢ አስተዳደሮች ከነጋዴም ሆነ በቂ ምክንያት ከሌለው ባለቤት እንስሳ አልቀበልም እንዲሉ ፈቀደች፣ ከ2013 ጀምሮ ሠራ። እዚያ በ1970ዎቹ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ውሾችና ድመቶች ይገደሉ ነበር፣ አሁን ወደ 10 ሺህ አካባቢ ወርዷል። ቁጥሩ ከሕጉ በፊትም ሲወርድ ነበር፣ ሕጉ ደግሞ ገፋው። ግን በ2014 ቶቺጊ በተባለ አውራጃ ከንግድ የመጡ በርካታ ውሾች ሞተው ተጥለው ተገኙ። ማስረከቢያ በመጥፋቱ የመጣ ነው ያሉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ በሩን ዝም ብሎ መዝጋት ሞትን ከመዝገብ ማውጣት ብቻ ሊሆን ይችላል።

የሚሠራው በመዝጋትና በመክፈት መካከል ያለው ነው። የታመመ፣ የተጎዳ፣ አደጋ ላይ ያለ ወዲያው ይግባ። ሌላው በቀጠሮ ይምጣ። ቀጠሮ ሲሰጠው አብሮ ለምን እንደሚያስረክብ ይጠየቅ፣ እንደ ፖሊስ ሳይሆን እንደ ሰው። ከምታስበው በላይ ብዙው ምክንያት የሚፈታ ነው። አከራዩ ስለ ጩኸቱ ተቆጥቷል። ለሕክምና የሚከፍለው አጥቷል። ሆስፒታል ሊተኛ ነው፣ ለአንድ ወር የሚጠብቅለት የለውም። ልጅ ተወልዶ ውሻው ቀንቷል። ለእነዚህ ማሰልጠኛ ምክር፣ የሕክምና ድጋፍ፣ ጊዜያዊ አሳዳጊ ከተገኘ ውሻው ከቤቱ አይወጣም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። ውሻው ካልገባ እኮ ስለ መርፌው መከራከርም አይኖርም።

ይሄ ሁሉ ግን በአዋጅ ቀን አይጀመርም። መጀመሪያ ቀጠሮው፣ ጊዜያዊ አሳዳጊዎቹ፣ ማምከኑ ይዘርጋ። የሞቱት ቁጥር ራሱ እየወረደ ሲመጣ ያኔ አውጁ፣ እኔም እፈርማለሁ። ተገላቢጦሽ ከሆነ፣ አዋጁ ቀድሞ ሥራው ከኋላ ከመጣ፣ በስድስት ወር ውስጥ ኮሪደሩ ላይ ሳይቀር ውሻ ታስሮ ታገኛላችሁ፣ ሠራተኞቹም አንድ በአንድ ይለቃሉ።

ቡቺ_ወዳጅ፦

ገባኝ። እንዲህ ላደርግ ነው። ወረቀቱን እንዳለ አልፈርመውም። «አንገድልም» የሚለውን ወደ ታች አውርጄ፣ ከላይ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ እያንዳንዱ ሞት በእውነተኛ ምክንያቱ እንዲመዘገብና በየወሩ እንዲለጠፍ፣ ማስረከብ በቀጠሮ እንዲሆን፣ የጊዜያዊ አሳዳጊዎች ዝርዝር እንዲከፈት። መጀመሪያ ስሜን የምጽፈው እዚያ ዝርዝር ላይ ነው፣ ለአንድ ውሻ ቦታ አለኝ። ፊርማ አሰባሳቢዎቹ ይቀየሙኛል፣ ምን ይደረግ።

የማታ_ተረኛ፦

አራተኛ ጨምርበት። ቀጠሮ ስትጀምሩ ተመዝግበው ሳይመጡ የቀሩትም ይቆጠሩ፣ ስልክ ተደውሎም ውሻው የት እንደደረሰ ይጠየቅ። ያንን ቁጥር የሚጽፍ መጠለያ እስካሁን አላጋጠመኝም።